የጋሽ ወንድይፍራው ባዶ ገጽ

«የሽቦ ወዳጆች» በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ አናት ላይ እስከ ዛሬ ምንም ያልተሣለበት አንድ ገጽ አለ። መድረኩ ሬዲዮ መፍታትና ማጉያ መግጠም የሚወዱ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ነው፤ የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ግን ጥያቄም ክርክርም ይቆምና እያንዳንዱ ያቃጠለውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ፣ ካስተማረው ሰው ስም ጋር፣ ከዚያ ባዶ ገጽ ሥር ያኖራል። አዲስ ገቢ ነገሩ እብደት ይመስለዋል። ለእንቁጣጣሽ የተቃጠለ ዕቃ ማን ይሰጣል?

ነባሮቹ እንደሚናገሩት፣ የልማዱ ምክንያት የደሴው ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ጡረታ የወጡ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለጠየቃቸው ሁሉ የዕቃውን አገጣጠም የሚያሳይ ሥዕል በእጃቸው እየሠሩ ሲመልሱ፣ «ይህን አታውቅም?» ብለው ያሳፈሩት ሰው የለም ይባላል። ከሥዕሉ ግርጌ ሁልጊዜ «ምልክቱን ሳታዩ አታብሩ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ።

አንድ ዓመት ነሐሴ ሲገባ፣ ፈትለወርቅ የምትባል የአርባ ምንጭ ነርስ፣ ጆሯቸው ለደከመው አባቷ የድምፅ ማጉያ ልትሠራ ፈልጋ ሥዕል ለመነቻቸው። ሠሩላት። ታዲያ እኚያ ምልክት እዩ ባይ ሰው፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመዋን ካፓሲተር ሲስሉ የመቀነስ ምልክቷን በተሳሳተው ጎን አደረጉት። ተገልብጣ የተገጠመች ካፓሲተር ታብጥና ትፈነዳለች። ፈነዳች፤ ቆርቆሮዋም ተስፈንጥሮ የፈትለወርቅን ቅንድብ ሰነጠቀው። አንዳንዶች ጉንጯን ነው ይላሉ፤ ዓይኗን ለጥቂት መሳቱን ግን ሁሉም ይስማሙበታል።

ወሬውን ያደረሰው ወንድሟ ነው። «እህቴ በእርስዎ ሥዕል ዓይኗ ሊጠፋ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልጨመረም።

ጋሽ ወንድይፍራው ሥዕሉን አውጥተው አዩት፤ ስህተቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቅስማቸው ተሰበረ። ከቀሩትስ ስንቱ ተገልብጦ ይሆን፣ በስንቱ ቤት ገና ያልፈነዳ አለ እያሉ እህል አልቀምስ አሉ። ከዚያም «ሰው ሳልገድል ሥዕሎቼን አጥፍቼ እወጣለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ብለው ጻፉና ከጥንቱ ጀምረው አንድ በአንድ ያጠፉ ጀመር። አባላቱ ቢለምኗቸው አልሰሙም። ከማጥፋታቸው በፊት ግን እያንዳንዱን ቁጭ ብለው ያዩት ነበር ይላሉ፤ የመድረኩን ሀብት ያተረፈው ያ መዘግየት ነው።

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ረፋድ ላይ፣ አርባ ሦስት አጥፍተው አርባ አራተኛውን ሊያጠፉ ሲሉ የፈትለወርቅ መልእክት መጣ። ፎቶው በመዳፏ የያዘቻትን የፈነዳች ካፓሲተር ያሳያል፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ምልክቱን ሳታዪ አታብሪ ብለውኝ ነበር፤ ሥዕሉን አመንኩና እኔው ሳላይ አበራሁ። ቁስሌ ድኗል። ካፓሲተሯን ቀይሬ፣ አዙሬ ብገጥማት ማጉያው ሠራ። ዛሬ ጠዋት አባቴን እንኳን አደረሰህ ስለው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን አለኝ። አባቴ የሰማኝበትን ሥዕል እባክዎ አያጥፉብኝ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ይህን ያነበበ ሁሉ ከያለበት ያቃጠለውን ዕቃ ፎቶ እየላከ «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» ይላቸው ጀመር። የጠፉትንም ሥዕሎች፣ በደብተራቸው ገልብጠው ያስቀመጡ ሰዎች አንድ በአንድ መለሱላቸው። አርባ ሁለቱ ተገኙ። አንዱን ግን የገለበጠ ሰው ስላልነበረ ገጹ ባዶውን ቀረ፤ ምን እንደነበረ እሳቸው ራሳቸውም አላስታወሱም። «ምስጋናችሁን እሱ ሥር አኑሩት፤ ቦታው ባዶውን አይደር» አሉ ይባላል። የተሳሳተውን ሥዕል ደግሞ በቀይ አረሙት እንጂ ስህተቱን አልፋቁትም።

ጋሽ ወንድይፍራው ካረፉ ቆይቷል። ገጹ ግን ዛሬም በቦታው አለ፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው ምስጋና የፈትለወርቅ ነው። ያችኑ የፈነዳች ካፓሲተር ታኖርና «አባቴ ዘንድሮም ሰማኝ» ብላ ትጽፍ ነበር። አባቷ ባረፉበት ዓመት ብዙዎች አትመጣም ብለው ነበር። መጣች፤ ካፓሲተሯን አኖረችና «አባቴ ሰምቶኝ ሄደ፤ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጻፈች።