ከቅኝት የወጣችው ድምፅ

አንዲት ሴት ነበረች። ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ከሕመምተኞች ደም የተነበበውን የፕሮቲን ቅደም ተከተል፣ ያንን ረጅም የፊደል ሰልፍ፣ ከጤነኛው ጋር ታስተያያለች። ዓይኗ ግን እየደከመ ነው፤ ፊደሎቹ ይደራረቡባታል። ምን ታድርግ? ቤቷ ትቀመጥ?

አልተቀመጠችም። አብሯት በመዘምራን የሚያገለግለውን ኪቦርድ ተጫዋች ደምመላሽን ለመነችው። ኮምፒውተር ያውቃልና ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራላት። የጤነኛውን ዜማ በቃሏ እስክትይዝ ሰማችው። በሽታው ያለበትን ቦታ ከእንግዲህ በጆሮዋ ልታገኝ ነው።

የመጀመሪያው ናሙና የአንዲት ሕፃን ነበር። ሰማችው፤ ከጤነኛው ጋር አንድ ነው። ደገመችው፤ አንድ ነው። የሕፃኗ እናት ግን ልጄ አጥንቷን እያመማት መቆም አቃታት እያለች ኮሪደር ላይ ቆማለች። ታዲያ «ጤነኛ ናት» ብላ ትፈርም?

አልፈረመችም። ደምመላሽን ጠርታ ፕሮግራሙን ከሥር ከመሠረቱ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። ኮርቶበት ነገራት። መዘምራንን ሲያለማምድ እንደሚያደርገው፣ ከቅኝቱ የወጣ ድምፅ ሁሉ በቅርብ ወዳለው ድምፅ እንዲመለስ አድርጎ ነበር።

«እህት በለጡ፣ ጆሮ የሚወጋ ነገር እንዴት ልስጥሽ?» አላት።

«እኔ የምፈልገው እኮ የሚወጋውን ነው» አለችው። «ማስተካከያውን አንሳው።»

አነሳው። ሰሙ። ገና ከመጀመሪያው አካባቢ አንዲት ድምፅ ተንጋደደች። ሌላ ባለሙያ በዓይኑ አመሳከረ፤ በሽታው በእርግጥ እዚያው ነበር። ሕፃኗ በዚያው ሳምንት ሕክምና ጀመረች።

ሃሌሉያ ለማለት አትቸኩሉ። ደምመላሽ ክፉ ሰው ነው? አይደለም። እኛን ነው የሚመስለው።

ስለ ባሏ ዱላ ልትነግራችሁ የጀመረችውን እህት «ጌታ ያውቃል፣ በርቺ» ብላችሁ ያቋረጣችኋት ለምንድን ነው? ሥራ ያጣውን ወንድም፣ ምስክርነቱን በምስጋና እንዲጨርስ የጎተጎታችሁት ለምንድን ነው? ጉባኤው እንዲያምር። ጸሎቱ እንዳይሻክር። እግዚአብሔር የሻከረ ጩኸት መስማት አላቃተውም። ያቃተን እኛን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ያቺን እህት ፈልጓት። በር ላይ ጨብጣችኋት አትለፉ፤ አብራችኋት ተቀመጡ። የጀመረችውን እናንተ አትጨርሱላት። ስትጨርስም ጥቅስ አትስጧት። «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።