ሰባት ቁጥርን አልጥልም ያለው ገጽ

ተረቴ ደጅ ቆማለችና በሩን ክፈቱላት። ከኋላዋ ተከትሏት የሚገባ ካለ ግን፣ ማን ነህ ብላችሁ አትጠይቁ።

ስሟን ብጠራው በምትቀየመኝ አንዲት ከተማ ውስጥ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ አለ። ጥልቀቱን ሊለኩ ገመድ የላኩ ሰዎች ገመዱ አለቀባቸው። ነጠላቸውን ቀጠሉበት፤ እሱም አለቀ። ቀበቷቸውን ቀጠሉበት፤ እሱም አለቀ። ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚህ ሐይቅ ገደል ላይ «አፋፍ የእንግዳ ማረፊያ» የሚባል ቤት ነበረ። የቤቱ እመቤት የሻረግ ትባላለች። ባሏ ምትኩ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። የሻረግ ሌባ አትፈራም፣ ጅብ አትፈራም፣ የግብር ሰብሳቢ እንኳ አትፈራም። የምትፈራው ከቀኑ በአሥር ሰዓት የሚጮኸውን የእንግዳ መቀበያውን ስልክ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማረፊያው ሰባት ክፍሎች ነበሩት። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ዝናብ፣ አፋፉ ተናደና ሰባተኛውን ክፍል ከነአልጋው፣ ከነመስኮቱ፣ ከነእንግዳው ይዞ ሐይቁ ውስጥ ገባ። እንግዳው አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ዝምተኛ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ሦስት ቀን ተፈለጉ፤ ባርኔጣቸው እንኳ አልተገኘም። ከስድስተኛው ክፍል ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ ቆርቆሮ ተመታበት። ከቆርቆሮው ወዲያ አየር ነው። ከአየሩ በታች ውኃ ነው። ከውኃው በታች ያለውን የሚያውቅ ሱሪውን በእጁ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው፤ እሱም አይናገርም።

ታዲያ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ስልኩ ይጮኻል፤ ሰባት ቁጥር ላይ ትንሿ መብራት ትበራለች። የሻረግ ታነሳለች። «ከሰባት ቁጥር ነው» ይላል ድምፁ፣ እንደ ሞላ እንስራ እየተንቦጫረቀ። «እየጠበቅሁ ነው...» ሲል ጆሮው ላይ ትዘጋበታለች። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። ምን እንደሚጠብቅ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

ይህንንስ ለምዳዋለች። ያላስቻላት የማረፊያው ድረ ገጽ ነው። ምትኩ በሕይወት ሳለ ያሠራው፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ያልነካው ገጽ፣ ዛሬም «ሰባት ክፍሎች አሉን» ይላል። ሰኞ ዕለት ሁለት ሙሽሮች ይህን አንብበው ሰባት ቁጥርን ያዙ። የሻረግ ደወለችላቸው።

«ልጆቼ፣ ሰባት ቁጥር የሚባል ክፍል የለም።»

ሙሽራው ሳቀ። «እንዴት የለም፣ እማማ? ሰውየው ራሳቸው ደውለው፣ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ኑ ብለውናል እኮ!»

ማክሰኞ ጠዋት የሻረግ ቆርቆሮው ላይ የበር እጀታ በቅሎ አገኘች። ረቡዕ የቁልፍ ቀዳዳ በቀለ። ሐሙስ ቁጥሩ ወጣ፤ 7፣ ከነሚስማሩ። በሩ እንደ ጎመን የሚበቅለው ከገጹ ቃል መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች። ሙሽሮቹ መጥተው፣ ያን እጀታ ይዘው፣ እየተሳሳቁ ወደ አየሩ ሲገቡ ታያት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ሆነች። «ሰባት» የምትለው ቃል ከገጹ ላይ ትውረድላት።

ዓርብ በማለዳ ድረ ገጽ የምታድስ ልጅ ጠራች። ምንታምር ትባላለች። ላፕቶፗን መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች ታነብ ጀመር።

«እትዬ የሻረግ፣ ይሄ ገጽ ሳይሆን ሙዚየም ነው! ‹አዲስ የተከፈተ› ይላል። ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«‹በቅርብ ቀን የመዋኛ ገንዳ እንከፍታለን።›»

«ሐይቁ ቀደመን። አጥፊው።»

«‹ማንም እንግዳ ሳይሸኝ ከቤታችን አይወጣም።› ይሄስ?»

የሻረግ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። የምትኩ ቃል ነበር። ምትኩ እንግዳ ሲሄድ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ ውጭው በር ሳይሸኝ ቀርቶ አያውቅም። «እሱ ይቆይ» አለች። «ሰባትን ብቻ ጣይልኝ።»

ምንታምር ልትሰርዝ ስትሞክር ገጹ «አልጥልም» አለ። «መጀመሪያ የይለፍ ቃል አምጡ።» በዚህ ዘመን የማይናገር ዕቃ የት አለ? ገጹ ላይ ባለው የማረፊያው ፎቶግራፍ ደግሞ ቅድም ተከፍቶ የነበረው የሰባት ቁጥር መጋረጃ ተዘግቶ ነበር። ምንታምር ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

የሻረግ ወደ ይለፍ ቃሉ ዞረች። «የይለፍ ቃል፣ ውጣና ገጹን ክፈት፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ።»

የይለፍ ቃሉም «አልከፍትም» አለ። «እኔ የምወጣው በባለቤቱ ስልክ ነው። የምትኩ ሲም ካርድ ይጥራኝ።»

የሻረግ መሳቢያውን ከፍታ የምትኩን አሮጌ ስልክ አወጣች። ስድስት ዓመት የተቀመጠ ስልክ ነው፤ ግን ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ሲም ካርድ፣ የይለፍ ቃሉን ተናገር፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን አልከፍትም አለ፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ።»

ሲም ካርዱም «አልናገርም» አለ፣ እያዛጋ። «ጌታዬ ሲተኛ ተኝቻለሁ። የወራሽነት ወረቀት ይቀስቅሰኝ።»

ወረቀቱ ከፍራሹ ሥር ነበር። ሲጻፍ ተጽፏል፤ የሻረግ ግን ልቧ እምቢ ብሏት ቀበሌ ሳትወስደው ስድስት ዓመት ተኝታበታለች። «ወረቀት፣ ሲም ካርዱን ቀስቅስ፤ ሲም ካርዱ የይለፍ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን አልከፍትም አለ፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ።»

ወረቀቱም «አልቀሰቅስም» አለ። «ያለ ማኅተም እኔ መጠቅለያ ነኝ። በርበሬ ቋጥሪብኝ። ማኅተም ይውደቅብኝና ወረቀት ልሁን።»

የሻረግ በባጃጅ ቀበሌ ሄደች። ማኅተም ያዡ አቶ አየልኝ ገና ከምሳ መመለሳቸው ነው፤ ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?»

«ማኅተም ነው፣ ጌታው። ወረቀቱ ሲም ካርዱን አልቀሰቅስም አለ፤ ሲም ካርዱ የይለፍ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን አልከፍትም አለ፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ አቶ አየልኝ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በየቀኑ ያያሉና። ማኅተሙን ቀለም ነክረው አነሱ፤ አወረዱ። ከወረቀቱ ጣት ሲቀረው ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ። በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ ቆመ። ተነሥተው በክርናቸው ተደገፉበት፤ እግራቸው ከመሬት ተነቀለ እንጂ ማኅተሙ አልወረደም። ከማኅተሙ የሚንጠባጠበውም ቀለም አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ የሐይቅ ውኃ ነበር።

«አልወድቅም» አለ ማኅተሙ። «የእንግዳ መዝገባችሁ ሳይዘጋ ቤት አይወረስም። የገባ ሁሉ ይውጣ፤ መዝገቡ ይዘጋ።»

አቶ አየልኝ ተንጠልጥለው እንዳሉ «ደንብ ነው፣ እናቴ» አሉ። «እባክዎ ቶሎ ይበሉ፤ ቁመት ያስፈራኛል።»

የሻረግ ወረቀቱን እዚያው ትታ ተመለሰች። ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከቆርቆሮው በር ሥር፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታይ ነበር። ከውስጥ ወንበር የሚሳብ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ» አለች ምንታምር በሹክሹክታ፣ «ፎቶው ላይ ሰው አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ጠዋት አልነበረም፤ እውነቴን ነው፣ ጠዋት አልነበረም!»

የሻረግ መዝገቡን ገለጠች። የነሐሴው ገጽ እርጥብ ነበር። «ልሳነወርቅ፣ ክፍል 7። የገባበት ቀን፦ ነሐሴ 11።» የወጣበት ቀን ባዶ ነው። ፊርማው ባዶ ነው። «መዝገብ፣ ለማኅተሙ ተዘጋ፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አልወድቅም አለ፤ ወረቀቱ ሲም ካርዱን አልቀሰቅስም አለ፤ ሲም ካርዱ የይለፍ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን አልከፍትም አለ፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ።» እስክሪብቶ አንሥታ ራሷ ልትፈርም ስትል ቀለሙ እንደ ዓሣ ተንሸራቶ ከወረቀቱ ወረደ።

መዝገቡም «በሌላ ሰው እጅ አልዘጋም» አለ። «የገባው ራሱ ይፈርም።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ። ሰባት ቁጥር ላይ መብራቷ በራች።

የሻረግ አነሣች።

«ከሰባት ቁጥር ነው። እየጠበቅሁ ነው...»

እጇ ሊዘጋ ሄደ። መለሰችው። «ይፈርሙልኝ፣ አባቴ!» አለች በአንድ ትንፋሽ። «መዝገቡ አልዘጋም አለ፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አልወድቅም አለ፤ ወረቀቱ ሲም ካርዱን አልቀሰቅስም አለ፤ ሲም ካርዱ የይለፍ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን አልከፍትም አለ፤ ገጹ ሰባትን አልጥልም አለ፤ ሙሽሮቹ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ሊሞቱብኝ ነው!»

ከወዲያ ውኃ ይንቦጫረቃል።

«እኔም አልፈርምም፣ እሜቴ» አለ ድምፁ። «ስምንት ዓመት ልነግርዎ ስል ጆሮዬ ላይ ይዘጉብኛል። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ኮቴን ለብሼ ተቀምጫለሁ። ገጻችሁ፣ ማንም እንግዳ ሳይሸኝ ከቤታችን አይወጣም ይላል። እኔን ማን ሸኘኝ? እየጠበቅሁ ያለሁት የሚሸኘኝ ሰው ነው።»

የሻረግ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። መዝገቡን በብብቷ ያዘች።

«እትዬ፣ እንዳይሄዱ!» አለች ምንታምር። «ወዲያ እኮ ገደል ነው!»

«እንግዳዬ ነው» አለች የሻረግ።

ኮሪደሩ ያን ዕለት የሦስት ቀን መንገድ ያህል ረዘመ። እጀታው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከፈተችው። ቀና ብላ አላየችም፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ውኃ የሚያንጠባጥቡ ሁለት ጥቁር ጫማዎች አየች። አጠገባቸው ሻንጣ ነበር።

«ሻንጣውን ለእኔ» አለች።

«ኧረ ግድ የለም፣ ይከብድዎታል።»

«ኧረ በሞቴ!»

አነሣችው። የሐይቁን ግማሽ ያህል ይመዝናል። ጎን ለጎን ሄዱ፤ የእሷ ጫማ ቀጭ ቀጭ፣ የእሳቸው ጫማ ጭቅ ጭቅ። መቀበያውን ሲያልፉ ምንታምር ጠረጴዛው ሥር ነበረች።

«በቃዎት፣ ከዚህ ይመለሱ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በረንዳው ላይ።

«ትንሽ ልሂድ እንጂ።»

«በቃ፣ ደከሙ» አሉ ባሕር ዛፉ ጋ።

«እስከ በሩ ነው። ምትኩ ቢኖር እስከ አስፋልቱ ያደርስዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፤ ፈርቼዎት ነው።»

«አቶ ምትኩማ በእኔ በኩል ሲያልፉ ነግረውኛል» አሉ። «‹ትንሽ ይጠብቋት፤ አንድ ቀን ስልኩን አትዘጋውም› ብለውኝ ሄዱ።»

የሻረግ እንባዋ መጣ፤ ቀና ግን አላለችም። የውጭውን በር ከፈተች። መዝገቡን ዘረጋች። እርጥብ እጅ እስክሪብቶዋን ወሰደ።

እንግዳው ፈረመ፤ መዝገቡ ተዘጋ፤ ማኅተሙ ወደቀ፣ አቶ አየልኝም አብረውት ወደቁ፤ ወረቀቱ ሲም ካርዱን ቀሰቀሰ፤ ሲም ካርዱ የይለፍ ቃሉን ተናገረ፤ የይለፍ ቃሉ ገጹን ከፈተ፤ ገጹ ሰባትን ጣለ!

«ወረደች! እትዬ፣ ወረደች!» ስትል ምንታምር ከቤት ጮኸች። የሻረግ ቀና ስትል መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሻንጣው የነበረበት እጇ ላይ ውኃ ብቻ ቀርቷል። ቆርቆሮው ጋ ሮጣ ብትሄድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ እጀታ የለው፣ ቁጥር የለው። ገጹ ላይም ምንታምር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ስድስት ክፍሎች አሉን። ማንም እንግዳ ሳይሸኝ ከቤታችን አይወጣም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ደረሱ። የሻረግ ስድስት ቁጥርን ሰጠቻቸው። ሙሽራው ቁልፉን እየተቀበለ ዙሪያውን ቃኘ።

«የደወሉልን ሰውዬስ የሉም እንዴ? ላመሰግናቸው ነበር።»

«ምን ነበር ያሉህ፣ ልጄ?»

«‹ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ድረሱ፤ ቀደም ብላችሁ ግን እንዳትመጡ› አሉን። ‹እናንተ ትመጣላችሁ ከተባለ፣ እኔን የግዳቸውን ይሸኙኛል።›»

በማግሥቱ በአሥር ሰዓት የሻረግ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። አልጮኸም። ቢጮኽ ኖሮ ታነሣው ነበር።

ተረቴም ጨርሳለች፤ ኮቷን ለብሳለች። ተነሡና እስከ በሩ ሸኟት።