በሦስት ግቢ የተበተነችው ፒካፕ

እናትህ ወድቃ፣ ጎረቤቶችህ ቃሬዛ ይዘው በደጅህ ቢቆሙ፣ በግቢህ ደግሞ ለመነሳት ጥቂት የቀራት መኪና ብትኖር፣ የትኛውን ትመርጣለህ? ቶሎ አትመልስ። ቶሎ የመለሱ ሰዎችን ታሪክ ነው የምነግርህ።

በአንድ ወቅት በወሎ፣ ከአስፋልት በራቀች አንዲት ደጋ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ጓንጉል የሚባል ሾፌር ነበር። የታናሽ እህቴ የዘምዘም ባል ነው። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ቀለሟ ሰማያዊ ነው ይባላል፤ እኔ አገሬን ሳልለቅ እንኳ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ዳገት ስትወጣ ውሃ ታፈላለች። ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ ስለማይታመን ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ይሮጣል። ካሶኒዋ፣ ጭነት የሚጫንበት ሣጥኗ፣ ዝጎ ከመበሳቱ የተነሳ እህል በጫነች ቁጥር የሠፈሩ ዶሮ ሁሉ ይከተላታል። እንዲህም ሆና ለከተማዋ ከእሷ ሌላ መኪና አልነበረም።

ጓንጉል ሊሞት ሲል ሦስቱን ወንዶች ልጆቹን ጠራ።

«መኪናዋ አትከፈልም፤» አለ። «የጠገናት ይውሰዳት። ማን እንደጠገናት እናታችሁ ትፍረድ።»

ይህን ብሎ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ያልሰሙትን ሰው በመጨረሻ ትንፋሹ ላይ ታዘዙት። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን አላገኘሁም።

ታላቁ ይማም የወፍጮ ቤት ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። «በሽታዋ ሞተሯ ውስጥ ነው» አለ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ በጆንያ ጠቀለለና ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። በመስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ የተጣመመው ፊቱ ቀጥ እስኪል ድረስ በእጁ አሸው። የመኪናዋንም ፊት ቆርጦ ከአሮጌ የወፍጮ ሞተር የተረፈ ሰፊ ራዲያተር ገጠመላት። አስቀያሚ አደረጋት፤ ግን ከእንግዲህ እንደማታፈላ ማለላት።

መካከለኛው አራጋው የግቢ በር የሚበይድ ነው። «መኪና ማለት የምትሸከመው ነው» አለ። ካሶኒዋን በሰው አሸክሞ ወደ ግቢው ወሰደ። የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተካ፤ አስረዘማት፤ ለሸራ ጣሪያ የሚሆን ብረት አቆመላት። ከውስጥ ደግሞ ከከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ፣ ጠፍር ቆርጦ፣ እንደ ጠፍር አልጋ የተጠለፈ መተኛ አንጠለጠለ። ሰው ሲስቅበት፣ «መንገዱን መጠገን አልችልም፤ ወገባችሁን ግን አድናለሁ» ይል ነበር።

ትንሹ ሙሄ ጎማ የሚለጥፍ ነው። «የማትቆም መኪና መኪና አይደለችም» አለና ጎማዎቿን ከነፍሬኗ፣ ክብደቷን ከሥር ከሚችሉት ባሌስትራዎቿ ጋር ነቅሎ ሄደ። በዚያ ቀን መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሦስቱም ጎበዞች ናቸው። ሦስቱም ዕቃውን ወደየቤታቸው የወሰዱት ግን በእናታቸው ግቢ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም። አንዱ ያለ ሌላው እንዳይጨርስ ነው።

«ባሌን አንድ ቦታ ቀበርኩት፤» አለቻቸው ዘምዘም። «መኪናዋን ሦስት ቦታ ቀበራችኋት!»

ሳቁ። በየቀኑ ግን ይመጡ ነበር፤ አንዱ ሊለካ፣ አንዱ የሌላው ልኬት ይግጠም አይግጠም ሊሰልል። ሲመጡ ይበላሉ፤ ሲበሉ ይተራረባሉ። ይማም የአራጋውን አልጋ «የሙሽራ ነው የሬሳ?» ይለዋል፤ አራጋው የይማምን ራዲያተር «አፍንጫ ተበደርክላት» ይለዋል፤ ሙሄ ለሁለቱም፣ «ያለኔ ጎማ ሁለታችሁም ግንብ ናችሁ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ለዘምዘም ስልክ ደውዬ፣ «አንቺ፣ ለምን ፈርደሽ አትገላገይም?» አልኳት።

«ለማን እንደሆነ ካወቅሁ ቆየሁ እኮ።»

«ታዲያ?»

«ፈርጄ ከጨረስኩ ማን ይመጣልኛል?»

ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። የማንን ስም እንደያዘች ግን ለእኔም አልነገረችኝም።

አንድ ማለዳ ዘምዘም ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ ወደቀች። ቀኝ እጇ ዛለ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተሳበ። በዚያ አገር ሰው ሲታመም ቅሬው፣ በሐዘንም በሕመምም የሚረዳዳው የጎረቤት ማኅበር፣ ሳይጠራ ይመጣል። የቅሬው ዳኛ ሸህ እብሬ ሸካሚዎቹንና ቃሬዛውን ይዘው ደረሱ።

«አንሷት፤» አሉ። «በአቋራጩ ተራራውን ይዘን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ በፊት ሐኪም ቤት እናደርሳታለን።»

ይማም በሩ ላይ ቆመ። «ሸህ፣ አላህ ይስጥልን። መኪና እያለን እናታችንን በቃሬዛ?»

«የቱ መኪና?» አሉ ሸህ እብሬ በድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን እያዩ።

«ጠዋቱን እንገጥማታለን። ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። በተራራው ላይ ብትሞትብንስ?»

አራጋው፣ «ሰው ምን ይለናል?» አለ። ሙሄ ጎማዎቹን ሊያመጣ ሮጠ።

ሸህ እብሬ ወደ ዘምዘም አዩ፤ ዘምዘም መናገር አትችልም ነበር። «ልጆቿ ናችሁ፤ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ቃሬዛውን ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም ይላሉ። ሦስቱ ወንድሞች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መኪና ሠሩ። ይማም ቴስታታውን ሲያጠብቅ አራጋው ይይዝለታል፤ አራጋው ካሶኒውን ሲያስቀምጥ ሙሄ ከሥር ይገባል። ዙሁር ላይ ሞተሩ ያለ ጭስ ተነሳ፤ ጎማዎቹም ገቡ።

«በቃ፣ ጋቢና ውስጥ እናስቀምጣትና እንሂድ» አለ ይማም።

«አንገቷን መያዝ ያቃታትን ሴት?» አለ አራጋው። «እንደ ከረጢት ልታንገጫግጫት? አልጋው ሳይታሰር አትነሳም።»

አልጋው ታሰረ። ይማም መሪውን ሲጨብጥ ሙሄ ከፊቱ ቆመ።

«ፍሬኑ አየር ይዟል። ሳላስወጣ ንቅንቅ የለም።»

«ሙሄ፣ ከፊቴ ዞር በል!»

«ግጨኝና ሂድ። ያን ቁልቁለት ያለ ፍሬን እናቴን ይዘህ አትወርድም።»

ሦስቱም እውነታቸውን ነበር። ሲነሱ የአስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሰላት እየተሰገደ ነበር።

ቁልቁለቱ መካከል ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን ይዘው መንገዱን ሞልተው አገኟቸው። ይማም ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ አለች። ሙሄ ባይኖር እዚያው ባለቁ ነበር።

ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ወንዝ ውስጥ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። መኪናዋ ስትዘል፣ ጎኗ ሲመታ፣ ዘምዘም በከመነዳሪው ጠፍር ላይ እንደታዘለ ሕፃን ትወዛወዝ ነበር እንጂ ራሷ እንኳ አልተናወጠም። አራጋው ከጎኗ ተንበርክኮ፣ «አብሽሪ እማ፣ አብሽሪ» ይላታል። አራጋው ባይኖር ወንዙን በሕይወት አትሻገርም ነበር።

ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ጓንጉል በዘመኑ ሁሉ እየቆመ ውሃ የሚያፈስበት ዳገት። ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ከእሷ የተሻሉ መኪኖች ክዳናቸውን ከፍተው በእንፋሎት ተሸፍነው ቆመዋል። አስቀያሚዋ ፒካፕ በአጠገባቸው አለፈች፤ አንድም ጊዜ አልቆመችም። ይማም ባይኖር ሌሊቱ ዳገቱ ላይ ይነጋባቸው ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ደረሱ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ መርምራ ስትጨርስ ወደ ሦስቱ ወጣች።

«ሳትንገላታ መምጣቷ ነፍሷን አትርፎላታል» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

«ዘግይታ መምጣቷ ግን ምላሷን ወስዶታል። ጠዋቱን ብታመጧት ኖሮ ምናልባት ትናገር ነበር። ምናልባት ነው የምለው።»

ዘምዘም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ትሰማለች፤ ታውቃለች፤ አትናገርም። ቀኝ ጎኗ ሞቷል።

ትንሽ ቆይቶ ሦስቱ ወንድሞች መኪናዋን ይዘው ቅሬው ፊት ቆሙ። የአባታቸው ቃል ይፈጸም አሉ።

ይማም፣ «ለዓመታት ሳትቆም ያልወጣችውን ዳገት ያወጣኋት እኔ ነኝ። የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለ።

አራጋው፣ «እናታችን በሕይወት ያለችው በእኔ አልጋ ነው። ሐኪሟም መሰከረች» አለ።

ሙሄ፣ «እኔ ባልኖር የምትከራከሩት ገደል ሥር ሆናችሁ ነበር» አለ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «የዘገየችው በማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያኔ ሦስቱም እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። ቃሬዛውን የመለሰው ይማም ነው። አልጋው ካልታሰረ ያለው አራጋው ነው። መንገድ የዘጋው ሙሄ ነው። ነገር ግን ቃሬዛው በተራራው ንፋስ ምን ያደርጋት እንደነበር ማን ያውቃል? ያለ አልጋ፣ ያለ ፍሬን ምን ትሆን እንደነበርስ?

ሸህ እብሬ ተነስተው ወደ ዘምዘም ተጠጉ። «እትዬ ዘምዘም፣ ምላስ ቢሄድ ዓይን አለ። ፍርዱ የአንቺ ነው። በእጅሽ አመልክቺ» አሏት።

ዘምዘም ደህናውን ግራ እጇን ከጋቢው አውጥታ አነሳች። ልጆቿ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመው ነበር። እጇ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወደቀ። ሦስቱም፣ «ወደ እኔ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ ጨዋታው ይህ ነው። ወፍጮ ቤት ያሉት ለይማም ይፈርዳሉ። ሕመምተኛ ያላቸው ለአራጋው። ገደል ያየ ለሙሄ። መኪናዋ ከቅሬው አዳራሽ ደጅ ቆማለች፤ የሚነካት የለም። ልጆቹም ወደ እናታቸው የሚመጡት በየተራ ነው፤ እንዳይገናኙ ሰዓት ይጠባበቃሉ።

እናንተ የምታነቡ፣ እናንተ ፍረዱ እንግዲህ። ዳገቱን ላወጣት ነው? እናቱን ላስተኛት ነው? ከገደሉ ላስቆማት ነው? ወይስ ለአንዳቸውም አይደለም? መኪናዋ ለማን ትገባለች?

እኔን ለዳኝነት አትጥሩኝ። በቅርቡ ይማም ስልክ ደወለ።

«አክስቴ፣ አንቺ ታላቃችን ነሽ፤ ከእናታችንም ትበልጪያለሽ። ለሦስታችንም አውፍ በይን። ይቅር በይን። ከዚያ እንታረቃለን።»

«ዘምዘም አጠገብህ ናት?» አልኩት።

«አጠገቤ ናት። ትሰማሻለች።»

«እንግዲያው አንድ ላይ ስሙ» አልኩ። «ቃሬዛ የመለስከውን አንተን አውፍ አልልም። አራጋውንም፣ ሙሄንም፤ እውነታቸውን መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልልም። በልጆቿ ቃል ተመልሰው የሄዱትን ሸህ እብሬን አልልም። ልጆቹን በብረት ያጨራረሰውን ጓንጉልን በመቃብሩም አልልም። ፍርዷን ይዛ ምሳ ያበላችህን እናትህንም አልልም።»

ከወዲያ በኩል የሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።

«አክስቴ፣ ሰው ነን እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ማንንም ይቅር አልልም።»