የገጣባዋ አህያ የደሴት ጉዞ

አንድ ጊዜ ከቆላ ጨው ተጭና ደጋ ለደጋ ስትንከራተት ዕድሜዋን የፈጀች አህያ ነበረች። ጀርባዋ ተገጥቦ ቁስሉ አልደርቅ ቢል፣ ነጋዴው ጌታዋ ጭነቷን ለሌሎቹ አህዮች አከፋፍሎ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ለቀቃት። ሲሽርላት መጥቶ ሊወስዳት ነው።

አህያዋ ሣሩ ውስጥ ተጋደመች። ማረፍ ግን አላወቀችበትም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ዳገት ይታያታል፤ እግሮቿም ተኝታ ሳለ ይራመዳሉ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ መጣ። ጀርባዋን አየና ከንፈሩን መጠጠ። የሚያሳርፋት ይህ ሣር እንዳልሆነ፣ ከሐይቁ መሀል ሰባት ደሴቶች እንዳሉ፣ እሱም ደካሞችን በታንኳ እያዞረ እንደሚያሳርፍ ነገራት። አንዱ ደሴት ላይ ማንጎው ሳይነኩት በስሎ ይወድቃል። ሌላው ላይ አሸዋው ለብ ያለ ነው፤ የታመመ ጎን ሲያስተኙበት ሕመሙን ይመጠዋል። ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፤ ውኃው እስከ ጉልበት ብቻ ነው። ታንኳው ላይ ሣር ተጎዝጉዟል፤ ሥራው ተኝቶ ደሴት ሲያልፍ ማየት ነው። ምግቡን ቀበሮ ራሱ ያቀርባል።

አህያዋ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችው።

«ምን ተሸክሜ ነው የምሄደው?» አለች።

«ምንም፣ እመት አህያ።»

እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቷት የሚያውቅ አልነበረም። ቀበሮ እንዲህ ደግ የሆነበትን ምክንያት ልትጠይቀው አሰበች፤ ነገር ግን መጠየቁ ራሱ ደከማት። ተነሥታ ተከተለችው።

ታንኳው ሰፊ ነበር፤ ከደንገል ተጠላልፎ የተሠራ፣ ለአንድ አህያ ቀርቶ ለሦስትም የሚበቃ። የሚጎትተው ጉማሬ ነው። ወፍራም ገመድ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ሁለት ጆሮዎቹና አፍንጫው ብቻ ከውኃው በላይ ይታያሉ። አህያዋ ገመዱን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ደሴቶቹ መለሰች።

ደሴቶቹ እውነትም ያምሩ ነበር። ማንጎው ይወድቃል፤ አሸዋውም ይሞቃል። አህያዋ በላች፣ ተኛች፣ ደግማ በላች። የጎድን አጥንቶቿ ተሸፈኑ፤ ገጣባዋም መጠገግ ጀመረ። ቀበሮ ጠዋት ጠዋት ጎኗን በመዳፉ እየዳበሰ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃት ነበር። የሚያስብላት አንድ እንኳ ተገኘ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስድስተኛው ደሴት ሲደርሱ ቀበሮ የወፍ እንቁላል ሊፈልግ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ጉማሬው ከነገመዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጋደም አለ። አንገቱ ያን ጊዜ ከውኃ ወጣ። ገመዱ ቆዳውን በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ዝንብ ወሮታል። አህያዋ እንዲህ ያለ ቁስል ታውቃለች። ከታንኳው ወርዳ አጠገቡ ቆመችና በጭራዋ ዝንቡን ታባርርለት ጀመር።

«ስንት ዓመት ተሸከምሽ?» አላት ጉማሬው።

«እኔ እንጃ።»

«እኔም ስንት ዓመት እንደጎተትኩ አላውቅም። ቀበሮ ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ ነው ያሰረኝ። ደሴቶቹን ላሳይህ ብሎ።» ትንሽ ተነፈሰና ቀጠለ። «እህቴ፣ ወደ ሰባተኛው ደሴት ስሄድ ታንኳው ይከብደኛል። ስመለስ ግን ይቀለኛል።»

«ለምን?»

«የወሰድኩት ሁሉ አብሮኝ አይመለስማ። ምን እንደሚሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ደክሞኝ ነው።»

አህያዋ ነገሩ ገባት። ገብቷትም ግን ወደ ታንኳው ተመልሳ ተኛች። ጉዝጓዙ ለስላሳ ነበር። ጉማሬው አርጅቷል፣ ይቃዣል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። እውነት ከሆነ መነሣት ሊኖርባት ነው፤ መነሣቱን ደግሞ ጠላችው።

በማግስቱ ረፋድ ሰባተኛው ደሴት ታየ። ዛፍ የለው፣ ሣር የለው፤ ባዶ ድንጋይ ነው። ከዳሩ ላይ አያ ጅቦ ቆሟል። ቀበሮ ድምፁን አጥፍቶ እንዲጠብቅ አደራ ብሎት ነበር፤ ጅብ ግን ሆዱ ሲጮህ አደራ አያስታውስም።

«ቀበሮ፣ ወፈረች ወይስ ገና ናት?» አለው ገና ከሩቁ።

ቀበሮ ዝም በል ሲል ጭራውን አወዛወዘበት። ጅቡ ግን ቀበሮ ያልሰማው መሰለው።

«አህያዋን ነው የምልህ» አለ ከፍ አድርጎ።

ቀበሮ ለአህያዋ ይህ ጅብ መንገደኛ ነው፣ የሚያወራውን አያውቅም እያለ፣ የታንኳውን የኋላ ገመድ በጥርሱ ይዞ ወደ ዳር ዘለለና ከአንድ ድንጋይ ጋር አሰረው። አህያዋ ተነሣች። ወደ ታንኳው ጫፍ ሄዳ ገመዱን ነከሰችው። ገመዱ የልጥ ነበር፤ በሦስተኛው ንክሻ ተበጠሰ።

«አያ ጉማሬ፣ ጎትት» አለች።

ጉማሬው ከቀበሮ በቀር ያዘዘው የለም። ባለበት ቆመ። ጅቡ እየተንደረደረ ነው፤ የፊት እግሮቹ ውኃውን ነኩ። ያኔ ገመዱ ተወጠረ፤ ታንኳው ወደ ጥልቁ ተንሸራተተ። ጅቡ ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስበት ፈርቶ ተመለሰ። ከድንጋዩም ላይ ቀበሮን አየው።

«ታዲያ እኔ ዛሬ ምን ልበላ ነው?» ሲል ጠየቀው።

ቀበሮ ግራ ቀኙን ቃኘ። በደሴቱ ላይ የሚደበቁበት አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም።

አህያዋ የመልሱን መንገድ ሁሉ ቆማ መጣች። ጉዝጓዙ ባዶውን ነበር፤ መተኛት ግን አልሆነላትም፤ ብትቆም ለጉማሬው የሚቀልለት ሳይመስላት አልቀረም። ዳር እንደደረሱ የአንገቱን ገመድ ታኝክለት ጀመር። ቁስሉን ላለመንካት ቀስ እያለች፣ ጥርሷ እስኪደነዝዝ አኘከችው። ገመዱ ሲወድቅ ጉማሬው ራሱን ነቀነቀና ወደ ውኃው ጠለቀ። አረፋው ለጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ሲመጣ ቆየ፤ በኋላም ቆመ።

አህያዋ አረፋው እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ጌታዋ መጥቶ እንዳይወስዳት ከነጋዴዎቹ መንገድ ራቅ ወዳለው ደንገል ውስጥ ገብታ ተጋደመች። በጣም ደክሟታል፤ ይህን ድካም ግን ማንም አልጫነባትም።

ከዚህ የምንማረው፣ የደከመ ሰው የሚያሳርፈውን ሁሉ ወዳጅ ሊያደርግ እንደሚቸኩልና በተነጠፈልን ከመተኛታችን በፊት የሚጎትተን ማን እንደሆነ፣ ወዴትስ እንደሚወስደን መጠየቅ እንዳለብን ነው።