የትርንጎ ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ከባዶ እጅ ተነስታ ቤት ያቆመች ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። የቤቷ ሥራ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር፤ ነጻ ፕሮግራሞችን ከየአገሩ ሰብስቦና መርምሮ፣ አንድ ላይ አሽጎ ለሆስፒታሎች ማደል። ያለ ቤቱ ማኅተም ሆስፒታል የሚገባ ፕሮግራም አልነበረም። የማኅተሙን ምስጢራዊ ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትርንጎ፣ «የሁለት ሰው ጥፋት የማንም ጥፋት አይደለም» ትል ነበር።

የቤቱም ሕግ ይህ ነበር፦ ከምንጩ ጀምረን በእጃችን ያልገነባነውን አናሽግም።

የሆስፒታሎቹ የደም ባንክ ፕሮግራም የተጻፈው ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የጃቫ ሞተር፣ ከሌለ አይንቀሳቀስም። ሞተሩን የሚያከራየው ጉልላት የተባለ ነጋዴ፣ «ሐምሌ ሲገባ እዘጋዋለሁ» ብሎ ዛተ። ትርንጎ ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ ሌላ ሞተር መኖሩን ሰምታ ሦስቱን ልጆቿን ጠራች።

«እኔ ደክሜያለሁ። ይህን ሞተር መርምሮ ለማኅተም ያበቃ፣ ቁልፉን ይወስዳል።»

በኩሩ አስናቀ የእያንዳንዱን ፋይል የአጠቃቀም ፈቃድ አነበበ። ሰው ሁሉ ነጻ ነው ብሎ ባለፈው የሞተሩ የድምፅ ክፍል ውስጥ የጉልላት ንብረት የሆነ ቁራጭ ተሰክቶ አገኘ። ታሽጎ ቢወጣ ጉልላት ከስሶ ቤቱን ይወርስ ነበር። አስናቀ ነቀለው፤ እንደ ቤቱ ልማድም ለምን እንደነቀለው በአደባባይ ለጠፈ። ጉልላት ያንኑ ቀን አነበበ። የላካቸው ጎረምሶች አስናቀን መንገድ ላይ ያዙት።

«መልሰህ ሰካው። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

ጣቶቹን በድንጋይ ወቀጡለት። ደሙን እያንጠባጠበ ቤቱ ደርሶ፣ «ተነቅሏል፤ አይመለስም» አለና ወደቀ።

ሁለተኛዋ ልጅ ደብሪቱ ግንባታውን ያዘች። የጃቫ ሞተር የሚገነባው በሌላ የጃቫ ሞተር ነው፤ ሌሎች የተሠራ ተውሰው ይጀምራሉ፣ የትርንጎ ቤት ሕግ ግን ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ አሮጌ ሞተር ፈልጋ ገነባች፤ በእሱ የሚሻል፣ በሚሻለው ሌላ እያለች እንደ መሰላል ወጣች። የመጨረሻው እርከን ሲጋመስ ጎረምሶቹ በሩን ገንጥለው ገቡ። ደብሪቱ የብረት ዘንግ ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«አንቺ፣ ለቆርቆሮ ሳጥን ልትሞቺ ነው?» ብሎ መሪያቸው ሳቀ።

«አንተ ቅደም» አለችው።

ቀደመ፤ ክንዷን ሰበረው። በቀረው እጇ አናቱን ፈረከሰችው፤ እዚያው ሞተ። ሌሎቹ ሸሹ። ግንባታው አለቀ።

ትርንጎ ሬሳውን አየች፤ የልጆቿን እጅ አየች። ይህ ሁሉ ከተከፈለበት በኋላ ወደኋላ የለም ብላ ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች።

«ቆይ እማዬ!» አለ ታናሹ ምትኬ። ሞተሩ በጥቂት በሽተኞች ሲሞከር ደህና ነበር፤ ምትኬ ግን የሰኞ ጠዋትን ሰልፍ ያህል በአንድ ጊዜ ጫነበት። «የአንዱን የደም ዓይነት ለሌላው ይጽፋል።»

«አንተ ጭረት እንኳ የሌለብህ፣ የእኛን ደም ልታፈስሰው?» አለች ደብሪቱ።

«ይታሸግ፤ ቀስ ብሎ ይታረማል» አለች እናቱ። «ሐምሌ ነገ ነው።»

«እስኪታረም የሚሞተውስ?»

ምትኬ ደብሪቱን በተሰበረው ክንዷ በኩል ገፈተራት፤ ጮኸች። መጥረቢያ አንስቶ ኮምፒውተሩን ከነግንባታው ከታተፈው። አስናቀ በእርግጫ አፉን መታው። ምትኬ ጥርሱን ከደም ጋር ተፍቶ፣ «በሉ አሁን አሽጉት» አለ።

ጎረምሶቹን መላኩ ሲታወቅ ጉልላት ከአገር ሸሸ፤ ሞተሩ ግን በቀጠሮው ቀን ተዘጋ። ምትኬ ስህተቱን አግኝቶ አረመ። ደብሪቱ በአንድ እጇ መሰላሉን እንደገና ወጣች። ይህ እስኪሆን ሆስፒታሎቹ በወረቀት ሠሩ፤ ደም ፍለጋ ሲንከራተቱ የዘገዩባት አንዲት ወላድ ሞተች።

አሁን ሞተሩ ነውር የለበትም። ትርንጎ ሦስቱን ልጆቿን ፊቷ አስቀምጣለች፤ እጁ የተወቀጠው ጎረምሶቹን የጠራውን ጽሑፍ የለጠፈ ነው፤ ክንዷ የተሰበረው ሰው ገድላለች፤ ጥርሱ የረገፈው ብዙዎችን አድኖ ወላዷን ለሞት ዳርጓል። ከእንግዲህ የሚታሸገው ሁሉ ጥፋቱ ቁልፉን በሚይዘው በአንድ ሰው ስም ይጠራል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ትርንጎ ቁልፉን ለማን ትስጥ?