ጭላዲትና ሁለተኛ የወጣው መንሸራተቻ

ተረቴ ከተራራ ወረደች። «ምን ይዛ?» በሉኝ።

ሁለት እንጨት ይዛ።

ድሮ ድሮ፣ ተራራው ከአናቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በረዶ ለብሶ በሚኖርበት ዘመን፣ ጭላዲት የምትባል አንዲት ልጅ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበረች። አምና በረዶ ላይ መቆም እንኳ ትፈራ ነበር። ዘንድሮ ግን መንሸራተቻ እንጨት እግሯ ላይ አስራ ስትወርድ የሚቀድማት ጠፋ። «አንደኛ ወጣች» ተባለላት። ቃሉን ወደደችው። ስትበላም አንደኛ፣ ስትተኛም አንደኛ፣ ወሬዋ ሁሉ አንደኛ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተራራው አናት ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ፣ አያ ጅቦ በጫካው ጥምዝምዝ መንገድ እያነከሰ ይሄዳል። ወዴት? እናቷ ጨቅላ ወንድሟን አዝላ ሳር ወደምትለቅምበት ግርጌ። ጭላዲት ጮኸች። ነፋሱ ድምጿን ወደ ላይ ወሰደው። የራሷ መንሸራተቻ ደግሞ ትናንት ተሰብሯል።

እየሮጠች መንሸራተቻ የሚያስቀምጡት እማማ ኤሊ ዋሻ ገባች።

«እማማ ኤሊ፣ ቶሎ መንሸራተቻ ይስጡኝ። ጅቡ እናቴ ጋ እየሄደ ነው።»

እማማ ኤሊ ቀስ ብለው አንገታቸውን አወጡ። «ሦስት ጥንድ አለ፣ ልጄ። ግን መንገድሽ...»

እማማ ኤሊ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ማን ይጠብቃል? ወደ መጀመሪያው ጥንድ ሄደች። ሰፊ ነው፣ ሰፌድ ያህላል።

«አንተ ስንተኛ ነህ?»

«አዲስ በረዶ ላይ አንደኛ» አለ ሰፊው። «እንደ ጥጥ የለሰለሰው ላይ እንሳፈፋለሁ እንጂ አልሰምጥም።»

«ደርቆ የጠጠረው በረዶ ላይስ?»

«ደረቁማ ያዳልጠኛል» አለ ሰፊው።

ወደ ሁለተኛው ሄደች። ቀጭን ነው፣ ጠርዙ እንደ ቢላ።

«አንተስ ስንተኛ ነህ?»

«እንደ መስታወት የደረቀው ላይ አንደኛ። ነክሼ ነው የምይዘው።»

«ለስላሳው ላይስ?»

«ለስላሳ የሚባል ነገር አላውቅም» ብሎ ተኮፈሰ።

ወደ ሦስተኛው ሄደች። ሰፊ አይሉት፣ ቀጭን አይሉት። ልታጥፈው ሞከረች፤ ደንዳና ነው።

«አንተስ?»

«ደረቁ ላይ ሁለተኛ።»

«ለስላሳው ላይ?»

«ሁለተኛ።»

«የቀለጠው ላይ?»

«እሱም ላይ ሁለተኛ። ለጀማሪ ደግሞ አልመችም፤ ጉልበት እፈልጋለሁ።»

«እኔ አንደኛዋ ልጅ ሁለተኛ አስሬ ልታይ?» አለች ጭላዲት።

ግን ግራ ገባት። ሰፊውን አነሳች፣ ስለ ደረቁ አስባ አስቀመጠች። ቀጭኑን አነሳች፣ ስለ ለስላሳው አስባ አስቀመጠች። ጅቡ ይሄዳል፣ እሷ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ «አገኘሁት» አለች። በቀኝ እግሯ ሰፊውን፣ በግራ እግሯ ቀጭኑን አሰረች። ሁለት አንደኛ።

ገና ከዋሻው ስትወጣ ጠብ ተነሳ። «በዚህ» ይላል ሰፊው። «በዚህ» ይላል ቀጭኑ። «ኧረ ማንን ልስማ?» ትላለች ጭላዲት። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች፣ እዛው እማማ ኤሊ ደጅ በአፍንጫዋ ተተከለች።

ቀና ብላ ቁልቁል አየች። ጅቡ ጫካውን ሊጨርስ ነው። ያኔ የአምናው ፍርሃት መጣ።

«እማማ ኤሊ፣ ምንም አልገባኝም። የቱ ነው ጥሩው?»

«ቅድም ልጠይቅሽ ነበር» አሉ። «እናትሽ ጋ እስክትደርሺ መንገዱ ምን ምን አለው?»

«አናቱ ደረቅ ነው። መሃሉ ለስላሳ። ግርጌው የቀለጠ።»

«እና በየመሃሉ ቆመሽ እንጨት ትቀይሪያለሽ?»

ጭላዲት ሰፊውንም ቀጭኑንም ከእግሯ ፈታች።

እማማ ኤሊ ሦስተኛውን ጥንድ አጠገቧ አቆሙት። ጫፉ ግንባሯ ጋ ደረሰ። «ልክሽ ነው። ደንዳናነቱን አትፍሪው፤ አንቺ አሁን ጀማሪ አይደለሽም።»

እያለቀሰች አሰረችው። ወረደች። ደረቁ ላይ ትንሽ ሸተት አለ፣ ያዘ። ለስላሳው ላይ ትንሽ ሰመጠ፣ ወጣ። የቀለጠው ላይ ትንሽ ተጎተተ፣ አለፈ። «ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ» እያለ ያዜማል እንጨቱ።

«እማዬ፣ ጅብ መጣ፣ ገደሉ ላይ ውጪ!»

እናቷ ጨቅላውን እንዳዘለች ወጣች። ጭላዲትም እንጨቷን ፈትታ ተከተለቻት። ጅቡ ሲደርስ ሦስቱም ከገደሉ ላይ ቁልቁል ያዩታል።

«እኔ እኮ ሰላም ልላችሁ ነው የመጣሁት» አለ።

«ደህና ነን፣ አያ ጅቦ» አለች እናት። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ይመለሱ።»

ጅቡ እያነከሰ ሄደ። ጭላዲት ግን አሁንም ግራ እንደገባት ነው።

«እማዬ፣ በሁለተኛ እንጨት ወርጄ እንዴት አንደኛ ደረስኩ?»

«ከጅቡ ቀድመሽ ደረስሽ» አለች እናቷ። «ሌላውን ማን ቆጠረው?»

መንገዱን ሳይጠይቅ መጫሚያ የመረጠ፣ ደጁ ላይ ሲዞር ቀረ።

ተረቴ ወርዳ በራችሁ ላይ ቆማለች፤ በረዶዋን አራግፉና አስገቡልኝ።