ክዳን የሌለው ዳቦ

አንዲት ሴት ምሳ ልትበላ ካፌ ገባች።

ሴትዮዋ አሜሪካዊት ናት። ባሏ ዴንማርክ ውስጥ ሥራ አገኘና ከባሕር አጠገብ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይዟት ሄደ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። አገሩን አታውቅም፣ ቋንቋውን አታውቅም፤ በእንግሊዝኛ ነው የምትግባባው። ሰዉ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳ አይነጋገርም። ዝምታው ራሱ ያስፈራታል።

ምሳው መጣ። ምን መጣ መሰላችሁ? አንድ ቁራጭ ጥቁር ዳቦ! እንደ ጡብ የከበደ። በላዩ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ በዓሣው ላይ ጥሬ ሽንኩርት። ሌላ ነገር የለም። በእሷ አገር እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ዳቦ መሃል ነው የሚገባው። የላዩን ረስተውት ይሆናል ብላ ጠበቀች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ የሚያመጣ የለም።

የካፌዋን ባለቤት ጠራቻት። ቦዲል ትባላለች፣ ጠና ያለች ሴት ናት።

«ይቅርታ፣ የላይኛው ዳቦስ?»

«የምን የላይኛው?»

«ክዳኑ ነዋ! ይሄ እኮ ክዳን የለውም።»

ቦዲል ሳቀች። «ከሸፈንሽውማ ምን እንደምትበዪ በምን ታውቂያለሽ? እኛ አገር ዳቦ ክዳን የለውም። በይ ብዪ።» ብላ ሹካና ቢላዋ አቀበለቻት። አዎ፣ አትሳቁ፣ ዳቦውን በሹካና በቢላዋ ነው የሚበሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሴትዮዋ የአገሩን ነገር ሁሉ ስታይ ክዳን የሌለው ሆነባት። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ቤተሰብ እራት ሲበላ መንገደኛ ሁሉ ያያል። መንገድ ዳር ድንችና እንቁላል ተደርድሯል፤ ሻጭ የለም። እሷ ያደገችው በር ተቆልፎ፣ በቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ ተጨምሮ፣ ያም አላስተማምን ብሎ ወንበር በሚደገፍበት ሰፈር ነው። «እነዚህ ሰዎች ክፉ ሰው የሚባል አያውቁም እንዴ?» አለች። ሆዷን ያዝ አድርጋ፣ «ልጄን እዚህ ነው የማሳድገው?» አለች። እንቅልፍ አጣች።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በክረምታቸው፣ በረዶው መሬቱን ሸፍኖት ሳለ፣ ወደዚያችው ካፌ ትሄዳለች። ከካፌዋ ግድግዳ ጥግ የሕፃን ጋሪ ቆሟል። ጠጋ ብላ አየች። ውስጡ ሕፃን አለ። ብቻውን!

ግራ አየች፣ ማንም የለም። ቀኝ አየች፣ ማንም የለም። የሕፃኑ አፍንጫ ቀልቷል። እሷ እያየችው ተገላበጠና አለቀሰ።

«ጥለውት ሄደዋል!» አለች።

እናንተ ብትሆኑስ? እስቲ ንገሩኝ! እናቶች፣ ብርድ ላይ የተጣለ ሕፃን እያለቀሰ ታልፋላችሁ? አታልፉም። እሷም አላለፈችም። ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ሕፃኑን አንሥታ ካፖርቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ሮጠች። «ፖሊስ ጥሩልኝ! ሕፃን ተጥሎ አገኘሁ!» አለች።

አሁን እሷ ያላወቀችውን ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሕፃን የቀን እንቅልፉን የሚተኛው ደጅ ነው። በደንብ ተጠቅልሎ፣ በብርዱ። ንጹሕ አየር ለልጅ ጥሩ ነው ይላሉ፣ እናቶቻቸውም እነሱን ያሳደጓቸው እንደዚያው ነው። እናትየውስ የት ናት? መስኮቱ ዳር። የዚህ ሕፃን እናት ሪኬ ትባላለች። ፊቷን ወደ ጋሪው አድርጋ ከመስታወቱ በስተጀርባ ተቀምጣለች። ከዚያ ቦዲል ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ አመጣችላት፤ አዎ፣ ሻይ ላይ የምንጨምረው ሄል። ሪኬም ወደ ቦዲል ዞር ብላ አመሰገነቻት፣ ስለ ልጁም ጥቂት ተጨዋወቱ። ያን ያህል ነው ዓይኗ ከመስኮቱ የተነሣው።

ፊቷን ወደ መስኮቱ ስትመልስ ብርድ ልብሱ ተገልጧል። ጋሪው ባዶ ነው።

ካፖርት ሳትደርብ ወጣች። ማንም ድምፁን ከፍ በማያደርግበት ጎዳና ጮኸች። ከመኪና ሥር አየች፣ ከግንብ ኋላ አየች፣ የልጇን ስም እየጠራች ወዲያና ወዲህ ሮጠች። ስሙን ቢጠሩት አቤት የማይል ልጅ!

ፋርማሲ ውስጥ ያለችው አሜሪካዊት ጩኸቱን ሰማች። ቋንቋውን አታውቅም ብያችኋለሁ። ያን ጩኸት ለመረዳት ግን ቋንቋ አያስፈልግም። ማንንም እንዳላዳነች ገባት። የሰው ልጅ ነው ይዛ የሮጠችው።

ወጣች። ሪኬ ሕፃኑን ከእጇ ነጠቀቻት። ፊቱን ዳበሰች፣ እጁን ዳበሰች፣ እግሩን ዳበሰች።

«ብርድ ላይ ሳየው... ማንም የለው መስሎኝ...» አለች አሜሪካዊቷ።

«እዚያ ነበርኩ!» አለች ሪኬ እያለቀሰች። «መስኮቱን አላየሽም? እዚያ ነበርኩ እኮ!»

መስኮቱን አላየሽም? ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ ያላየችው ነገር አልነበረም። በረዶውን አይታለች፣ የቀላውን አፍንጫ አይታለች፣ ግራና ቀኙን አይታለች። እጇን ብትዘረጋ የምትነካው መስኮት ግን አልታያትም።

ከዚያ በኋላ ሪኬ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ፖሊስ ጠራች? ሰደበቻት? የሴትዮዋን የገፋ ሆድ አየች። ከዚያ ሕፃኑን መልሳ ጋሪው ውስጥ አስተኛችው። ደጅ! ብርዱ ላይ! ከዚያም የአሜሪካዊቷን እጅ ያዘች።

«ነይ፣ ተቀመጪ። አብረን እናየዋለን።»

መስኮቱ ዳር ተቀመጡ። ቦዲል ያንን ክዳን የሌለውን ዳቦ አመጣችላቸው። የበላ የለም። ነፋሱ የጋሪውን ሽፋን ባነሣው ቁጥር አሜሪካዊቷ ብድግ ትላለች። ሪኬም ብትሆን ዓይኗን ከጋሪው አልነቀለችም። ሕፃኑ ግን ተኛ።

ወገኖቼ፣ እኛም እንደዚህች ሴት ነን። ጋሪውን እናያለን፣ መስኮቱን አናይም። ልጃችሁ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳ አንድ ቀን ካልተነሣ ቤቱ ይታመሳል። ባልሽ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልብሽ ይቆማል። «ተጣልን» እንላለን። «የሚያየን የለም» እንላለን።

እዚህ መካከላችን ያለች አንዲት እናት፣ ስም አልጠራም፣ አትደንግጪ፣ ልጇ ጅማ ሥራ ስታገኝ «እዚያ ማን ያያታል?» ብላ ሄዳ ዕቃዋን ጠቅልላ አመጣቻት። ልጅቷ ይኸው ቤት ተቀምጣለች። ሥራም የላት፣ ሳቅም የላት። እውነት ይህ ማዳን ነው?

የሚያለቅስ ልጅ አይታችሁ እለፉ ማለቴ አይደለም። በእውነት የተጣለ ልጅም አለ፤ አንሡት፣ አቅፋችሁ ሩጡ! ነገር ግን ከመሮጣችሁ በፊት ቀና በሉ። ልጁ ባለቤት አለው?

ይህንን ታሪክ የነገረችኝ አሜሪካዊቷ ራሷ ናት። በዚያ አገር ያሉ ወንድሞችን ልጠይቅ ሄጄ፣ በዚያችው ካፌ ተቀምጠን። ይሁንና አንዴም ፊቴን አላየችም። እኔ ወደ እሷ አያለሁ፣ እሷ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታያለች።

«እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኳት።

«እየሰማሁዎት ነው፣ ፓስተር» አለች፣ አሁንም ዓይኗን ሳትመልስ።

ዞሬ አየሁ። ከመስታወቱ ማዶ ጋሪ ቆሟል። የወለደቻት ልጅ ተኝታበታለች።

«አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«በጣም» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው ከዚህ የማልነሣው።»

እናንተ «ጌታ ፊቱን አዞረብኝ፣ ስናገረው አያየኝም» የምትሉ! በዚህ ሳምንት ቢሮዬ መጥታችሁ ያለቀሳችሁ! ፊቱን ወደ የት እንዳዞረው ዞር ብላችሁ አይታችኋል? ያቺን ብርድ ላይ ያለችውን ልጃችሁን እያያት ቢሆንስ?

በሉ ተነሡ። ዛሬ ዓይናችንን ሳንጨፍን ነው የምንጸልየው።